የክብር መስፈሪያው፦ ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠርና የአትሌቲክስ የዝና አዳራሽ

በጎጃም ገጠር የአንድ ሰው ጀግንነት በራሱ አፍ ብቻ የሚጸና አልነበረም። ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነሥቶ የሚፎክር ሰው ውሎውን በቦታውና በዕለቱ እየጠራ ይቆጥራል፤ አብረውት የዋሉት ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል። ያልዋለበትን ውሎ ቢያነሣ የሚያፍረው በእነርሱ ፊት ነው። ስመ ጥር የሆነው ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር፣ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያሰኘው ይኸው ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ክብር የሚያጸናው ሥራውን ያየ ሰው ምስክርነት ነበር።

ዘመናዊው ስፖርት ግን ክብርን በሌላ መንገድ ያስቀምጣል። ሰዓት ይያዛል፣ ሜዳልያ ይቆጠራል፣ ስም በመዝገብ ይሰፍራል፤ በመጨረሻም ለታላላቆቹ የዝና አዳራሽ የሚባል ይቆምላቸዋል። የአዳራሹ በር ሲከፈት ግን አንድ ጥንታዊ ጥያቄ አብሮ ይገባል። ክብር በምን ይለካል? በተቆጠረው ውጤት ነውን? ወይስ ውጤቱ በተገኘበት ዘመንና ሁኔታ ጭምር? ይህ ጥያቄ ከሁለት ኢትዮጵያውያን ሯጮች ማለት ከማሞ ወልዴና ከምሩፅ ይፍጠር ስም ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአዳራሹ ሕግ

የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2004 ዓ.ም. የዝና አዳራሽ አቋቋመ። በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት 24 ስሞች መካከል አንዱ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበር። ወደ አዳራሹ ለመግባት የተደነገገው መስፈርት አጭርና ግልጽ ነው። አንደኛ፣ አትሌቱ ውድድር ካቆመ ቢያንስ 10 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ሁለተኛ፣ በኦሊምፒክ ወይም በዓለም ሻምፒዮና ቢያንስ 2 የወርቅ ሜዳልያ ማግኘት አለበት። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ሥራው በስፖርቱ ላይ ልዩ አሻራ የተወ እንዲሆን ይፈለጋል።

አበበ ይህን ሁሉ ያሟላል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ያህል ሲሆነው በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። ሁለቱም ጊዜ እስከዚያ ዕለት በዓለም ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ የፈጠነ ነበር።

ማሞ ወልዴ ግን በዚህ መስፈርት ሲመዘን አንድ ወርቅ፣ አንድ ብርና አንድ ነሐስ ብቻ ይገኝለታል፤ ክብረ ወሰንም የለውም። ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ አለው፤ ክብረ ወሰን ግን የለውም። ስለዚህ የተጻፈው ሕግ እንደ ተጻፈ ከተነበበ ሁለቱም ከደጅ ይቀራሉ ማለት ነው። ታዲያ ሕጉ ትክክል ነውን?

የሜክሲኮው ድል

ማሞ ወልዴ ለኦሊምፒክ እንግዳ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800ና በ1500 ሜትር ተወዳድሯል። ከአጭርና ከመካከለኛ ርቀት ተነሥቶ ወደ ረጅሙ የተሸጋገረው ይህ የክቡር ዘበኛ ወታደር በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር 4ኛ ወጣ። ነገር ግን የዓለም ዓይን ሁሉ በአበበ ላይ ስለነበረ የማሞ ስም በሰፊው አልተነገረም።

በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ከተማ ኦሊምፒክ ተከፈተ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት። ይህ አየር ከዝቅተኛ አገር ለመጡት እስትንፋስ የሚያሳጥር ነበር፤ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው ግን የተወለደበት ነው። ጥቅምት 3 ቀን በተደረገው የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ማሞ በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በጥቂት እርምጃ ተቀድሞ የብር ሜዳልያ አገኘ። በዚያው ውድድር የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ 6ኛ ወጥቶ ከመድረሻው መስመር ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ማራቶኑ ተጀመረ። አበበ ቢቂላ በታመመ እግሩ ተሰልፎ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ለማቋረጥ ተገደደ። የሁለት ኦሊምፒክ ድል ሸክም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በማሞ ትከሻ ላይ ወደቀ። የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ርዝመት ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከቡሬ የተነሣ ሯጭ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ማሞ ይህን ርቀት በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ፈጽሞ ጃፓናዊውን ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ኢትዮጵያም ማራቶንን በተከታታይ በሦስት ኦሊምፒኮች ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

የክብረ ወሰን ሕግ ደካማ ጎን በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የማራቶንን ፈጣን ሰዓት የያዘው አውስትራሊያዊው ዴሪክ ክሌይተን ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በፉኩኦካ የሮጠው 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ነው። ሰዓቱ በወረቀት ላይ ከማሞ በአሥር ደቂቃ የበለጠ ይፈጥናል። ነገር ግን ክሌይተን ራሱ በሜክሲኮ ከማሞ ጋር ተሰልፎ 7ኛ ወጣ። ሰዓት የሚለካው ሯጩን ብቻ አይደለም፤ መንገዱን፣ አየሩንና ዕለቱንም ጭምር ይለካል። ፊት ለፊት የተገናኙ ሰዎች ግን በአንድ መንገድ፣ በአንድ አየር፣ በአንድ ዕለት ይለካካሉ።

ማሞ በዚህ አላበቃም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ከሮም ድል ልክ በ12ኛው ዓመት፣ እንደገና በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ዕድሜው ወደ 40 ዓመት ሲደርስ በሙኒክ ማራቶን 3ኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። የሮጠበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ አበበ በሮም ካስመዘገበው የተሻለ ነበር።

ማርሽ ቀያሪው

የምሩፅ ይፍጠር ታሪክ ከማሞ ይለያል። በአዲግራት ተወልዶ በአየር ኃይል ያደገው ይህ አጭርና ቀጭን ሯጭ የሚታወቀው እስከ መጨረሻው ከተፎካካሪዎቹ ጋር ቆይቶ በድንገት በመፈትለክ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ስም ያወጣለትም ይኸው አሯሯጥ ነው። ስለ ዕድሜው ለሚጠይቁት ጋዜጠኞች ዶሮና በግ ሊሰረቅ እንደሚችል፣ ዕድሜውን ግን ማንም ሊሰርቀው እንደማይችል በቀልድ መመለሱ በሰፊው ይነገራል። ዕድሜው ባይሰረቅም ዘመኑ ግን ተሰርቆበታል።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር 3ኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወድቆ ከተነሣ በኋላ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። ምሩፅ በ5 ሺህ ሜትርም ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሆኖም በሰዓቱ በመነሻው መስመር ላይ ሳይገኝ ቀረ። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ተነግሯል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪቃ በመሄዱ የአፍሪቃ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። የአገሮቹ ውሳኔ ስለ አፍሪቃ ክብር የተወሰነ ነው። ዋጋውን በእግራቸው የከፈሉት ግን ሯጮቹ ነበሩ።

በዚያ ዘመን የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ገና አልተጀመረም፤ የመጀመሪያው የተደረገው በ1975 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ነው። ከኦሊምፒክ ቀጥሎ አህጉራት ቡድኖቻቸውን የሚያሰልፉበት ታላቅ ውድድር የዓለም ዋንጫ ነበር። ምሩፅ የአፍሪቃን ማልያ ለብሶ በ1969 ዓ.ም. በዱሰልዶርፍ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትሪያል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሮጥ በቀረባት በዚያችው ከተማ፣ ሁለቱንም ደገማቸው።

በመጨረሻ የሞስኮ ኦሊምፒክ ደረሰ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ኢትዮጵያውያኑ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እንደ አንድ ሰው ሆነው ሮጡ። አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ያዘጋጁት ቡድን ፊንላንዳውያኑን ሲፈትን ቆየ። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ፤ ተከትሎ የደረሰበት አልነበረም። ካርሎ ማኒንካ 2ኛ፣ መሐመድ ከድር 3ኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ 4ኛ ሲወጡ ያ በሙኒክና በሞንትሪያል አይበገሬ የነበረው ቪረን 5ኛ ሆነ። ከአምስት ቀን በኋላ ሐምሌ 25 ቀን ምሩፅ በ5 ሺህ ሜትርም ታንዛንያዊውን ሱሌማን ንያምቡዪን ቀድሞ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። በሙኒክ የተጀመረው ሥራ በስምንተኛው ዓመት ተፈጸመ።

የተቃራኒው ክርክር

ሚዛናዊ ፍርድ ለመስጠት የተቃዋሚውንም ቃል መስማት ይገባል። በሞስኮ ኦሊምፒክ አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጃፓንና ኬንያ አልተገኙም። ከቀሩት አንዱ ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ ነው፤ ሮኖ በ1970 ዓ.ም. በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ ሰው ነበር። እርሱ ቢኖር ኖሮ የምሩፅ ወርቅ ይገኝ ነበርን? የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። ሮኖ ያልነበረበትን ሞስኮ የሚቀንስ ሰው ምሩፅ ያልነበረበትን የ1968ቱን ሞንትሪያልም መቀነስ ይኖርበታል። እንዲያ ከተባለ በዚያ ዘመን የተገኘ ሜዳልያ ሁሉ ጎዶሎ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ለሁለቱም ወገን መተው ነው። ምሩፅ ሊከበር የሚገባው በሞንትሪያል ያሸንፍ ነበር ተብሎ አይደለም። በዱሰልዶርፍ፣ በሞንትሪያል የዓለም ዋንጫና በሞስኮ ስድስት ጊዜ ተሰልፎ ስድስቱንም ስላሸነፈ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ባልነበረበት ዘመን የዓለም ዋንጫን ከቍጥር የሚያወጣ መስፈርት የዛሬን ሚዛን ወደ ትናንት ገበያ ይዞ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

የክብረ ወሰኑም ነገር እንዲሁ ነው። የማራቶን ሰዓት በይፋ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ መመዝገብ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መንገዱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ «የዓለም ምርጥ ሰዓት» ብቻ ይባል ነበር። እንግዲህ ሕጉ ቃል በቃል ከተነበበ አበበ ቢቂላ እንኳ ይፋዊ ክብረ ወሰን አልነበረውም። አዳራሹ ግን አበበን ያለ አንዳች ማመንታት አስገባው፤ ደግም አደረገ። ይህም የሚያሳየው መራጮቹ ራሳቸው ከፊደሉ ይልቅ የሥራውን ክብደት እንደተመለከቱ ነው። ለአበበ የተደረገው ለሌሎቹም ሊደረግ ይገባል።

ሕጉ ከደጅ የሚያስቀረው ወንዶቹን ብቻም አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በዚያው በ1993 ዓ.ም. በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከአፍሪቃ ጥቁር ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። በርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ግን ይዛ አታውቅም። ለብዙ ሴቶች መንገድ የከፈተን ሰው በር ላይ የሚያቆም ሕግ በሕጉ ላይ እንጂ በሰውየዋ ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል።

ይህ ሙግት በሌላውም ዓለም አለ። አሜሪካኖች በራሳቸው የእግር ኳስ ዓይነት ቡድኑን የሚመራውንና ኳሷን የሚያከፋፍለውን ተጫዋች ከሁሉ አስበልጠው ያያሉ። ዳን ማሪኖ የተባለው እንዲህ ያለ መሪ አንድም ጊዜ የመጨረሻውን ዋንጫ ሳያነሣ በ1997 ዓ.ም. በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በካንተን ከተማ ወዳለው የዝና አዳራሻቸው ገባ። ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ያነሣው ጂም ፕለንኬት ግን ጨዋታ ካቆመ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ደጅ ጠንቷል። እዚያ ዋንጫ ብቻውን በር አልከፈተም፤ ዋንጫ ማጣትም ብቻውን በር አልዘጋም።

ከሜዳው ውጭ ያለው ጥያቄ

በማሞ ወልዴ ላይ ግን ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ተሸፋፍኖ ሊታለፍ አይገባም። ማሞ ከ1985 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆይቷል። በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ የአንድ ልጅ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት ተፈረደበት። የእስራቱን ጊዜ አስቀድሞ ስለጨረሰ ተለቀቀ። እርሱ ግን ልጁን አልገደልሁም ሲል ነበር። ከተፈታ ከጥቂት ወራት በኋላ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ዐረፈ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ ስለ ሜዳልያው ብሎ የፍርዱን ነገር መርሳት ነው። የሜክሲኮ ድል የሟቹን ልጅ ቤተ ሰብ ኀዘን አይሽርም፤ በዚያ ዘመን ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ደግሞ በአገሪቱ ብዙ ናቸው። ሁለተኛው፣ ስለ ፍርዱ ብሎ ሜክሲኮን ከታሪክ መፋቅ ነው። ፍርድ ቤት የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ የሩጫ መዝገብም የራሱን ሊሠራ ይገባዋል። የዝና አዳራሽ የቅዱሳን ገድል መጻፊያ አይደለም። በሜዳ ላይ ምን እንደተደረገ የሚመሰክር ቤት ነው። የማሞ ስም ቢገባ ታሪኩ ሙሉ ሆኖ፣ ብርሃኑም ጥላውም ሳይቀር፣ መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ሚዛን አይጎድልበትም። የምሩፅ ይፍጠር ጉዳይ አያጠራጥርም። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አራት የዓለም ዋንጫ ድልና ከሽንፈት በኋላ ለስምንት ዓመት የጸና ትዕግሥት ለማንኛውም አዳራሽ ይበቃል። የደራርቱም እንዲሁ ነው። የማሞ ጉዳይ ይከብዳል፤ ወርቁ አንድ ነውና። ነገር ግን ያቺ አንዲት ወርቅ በዓለም ፈጣን የተባሉት ሁሉ በተሰለፉበት የተገኘች ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተገኘ ብርና ከአራት ዓመት በኋላ በ40 ዓመት ዕድሜ ከተገኘ ነሐስ ጋር ስትመዘን ከሁለት ወርቅ አታንስም።

የቼኮስሎቫኪያው ታላቅ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካገኛቸው የወርቅ ሜዳልያዎች አንዱን ከዓመታት በኋላ ለሮን ክላርክ በስጦታ ሰጥቶታል። ክላርክ ብዙ ክብረ ወሰን ሰብሮ አንድም የኦሊምፒክ ወርቅ ያላገኘ ሰው ነው። ከማሞና ከምሩፅ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ እነርሱ ወርቅ እንጂ ክብረ ወሰን አላገኙም፤ እርሱ ክብረ ወሰን እንጂ ወርቅ አላገኘም። ዛቶፔክ ግን ሕግ አላገላበጠም። ሥራውን የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ ነበርና በዓይኑ መዘነ፤ የጎጃም ፉካሬ አድማጭ የሚመዝነው እንዲሁ ነው።

የሙያ ማኅበራትም በየዓመቱ ባልደረቦቻቸውን ሲሸልሙ በዚሁ ፈተና ያልፋሉ። የምስክር ወረቀት መቍጠር ቀላል ነው፤ አንድ ሰው በምን ዓይነት ቦታ፣ በምን ዓይነት ዘመን፣ በምን መሣሪያ እንደሠራ መመርመር ግን ጊዜ ይፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ተቻኩሎ የተደነገገ መስፈርትም ተቻኩሎ የሚገባውን ያስቀራል። ምሩፅ ይፍጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ዐርፎ አጽሙ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ዐረፈ። ሞስኮ ላይ ማርሹን ሲቀይር ያየ ሕዝብ የአዳራሽ ቍልፍ ባይኖረውም ምስክርነቱን ሰጥቷል። የቀረው መዝገቡ ከምስክሩ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው።